ስለ ዘፋኙ ሬሳ

የሰው ልጅ ከሚያዝባቸው ደዌያት መካከል ሐኪም የማያውቀው፣ ጠበልም የማያስለቅቀው አንድ ደዌ ቢኖር የቴአትር ፍቅር ነው ብል፣ ከአርባ ዓመት በላይ በዚሁ ደዌ ተይዤ የኖርሁ ሰው በመሆኔ ምስክርነቴ ውድቅ የሚደረግ አይመስለኝም። የመብራትና የውሃ ደረሰኝ በየወሩ እየጠፋብኝ ከባለቤቴ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርሁት እኔ፣ የቴአትር ትኬት ጉማጅ ግን አንድም ሳይጠፋብኝ፣ በየዓመቱ ተለይቶና በክር ታስሮ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦልኛል። ከቴአትርም ሁሉ አብልጦ የለከፈኝ፣ ተዋናዩ ተናግሮ ተናግሮ ነገሩ ከቃል በላይ ሲሆንበት ከንግግር ወደ ዜማ የሚሻገርበት፣ ሙዚቃዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠራው ዓይነት ነው።

የምኖረው በልደታ፣ በአብነት ሰፈር ነው። አብነት ማለት ምሳሌም መድኃኒትም ማለት ቢሆንም፣ ስፍራው ለእኔ ደዌ መድኃኒት ሊሆን ይቅርና አባባሽ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሽቅብ ወደ መርካቶ ብል ራስ ቴአትር፣ ከዚያም አልፌ ፒያሳ ብወጣ አገር ፍቅር፣ ቁልቁል በሜክሲኮ በኩል ብዞር ብሔራዊ ቴአትር ይጠብቀኛልና፣ በየትኛውም አቅጣጫ ከቤቴ ብወጣ ገንዘቤን ይዤ የምመለስበት መንገድ የለም።

በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሹም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገቢና ወጪ ሲያመዛዝኑ የኖሩ ሰው ስለ ሆኑ፣ ማናቸውንም ነገር የሚመረምሩት «ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?» እያሉ ሲሆን፣ ሙዚቃዊ ተውኔት በእርሳቸው መዝገብ ላይ ፈጽሞ የማይዘጋ ሒሳብ ነው። «እስቲ ይንገሩኝ» ይሉኛል፤ «ሰው የሚወዳት ልጅ ብትሞትበት ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ይህ የሚገባ ነው። ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ከበሮ እየተመታለት፣ ስድስት ጎረምሶች ከኋላው እስክስታ እየወረዱለት የሚያዜም ሐዘንተኛ ግን በየትኛው አገር አይተው ያውቃሉ? ሒሳቡ አይዘጋም!»

እኔም ለዚህ ክስ መልስ ፍለጋ መጻሕፍት ከማገላብጥ ብዬ፣ አንድ ቀን ከንጋት በፊት በራቸውን አንኳክቼ ቀሰቀስኋቸውና፣ ከደጃፌ ወንበር ሰጥቼ፣ «እንግዲህ ዝም ብለው ያድምጡ» አልኋቸው።

ገና ጎሕ ሳይቀድ ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑ ባልና ሚስት ላሊበሎች መጡ። የባለቤቱን ስም ከጥበቃው አስቀድመው ጠይቀው ኖሮ፣ ሚስቲቱ በቀጭኑ እያወጣች፣ ባልየው በወፍራሙ እየተቀበላት፣ የጎረቤቴን ቸርነት፣ የልጆቻቸውን ምግባር፣ የአዳራሻቸውንም ስፋት በስንኝ አወረዱት፤ ጎረቤቴም ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው አዳራሽ ተብሎ ሲወደስላቸው ጊዜ፣ ያለ ደረሰኝ አምስት ሳንቲም የማይከፍሉት ሰው 50 ብር መዥረጥ አድርገው ሰጡ። እነርሱ እግራቸው ከመውጣቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የቆሎ ተማሪ ድምፅ ተከተለ፤ ፀሐይም ስትወጣ፣ «ቆርቆሮ ያለው» የሚለውን ሙሉ ጥሪ በዜማ አቅልጦ «ቆራሌው» ያደረገው ነጋዴ፣ ከእርሱም ኋላ ሳፋና ሰሐን ተሸክማ በአሮጌ ልብስ የምትለውጠው ልዋጭ፣ ከአደባባዩም የአንድ ሰፈር ስም በአንድ ትንፋሽ ስምንት ጊዜ የሚጠራው የታክሲ ረዳት፣ እያንዳንዱ በየቅኝቱ ገባ።

«ይህ ሁሉ ንግድና ልመና ነው እንጂ ሐዘን አይደለም» አሉኝ ጎረቤቴ።

«እንግዲያስ የእናትዎ ለቅሶ ዕለት፣ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ እርስዎ ደረትዎን እየደቁ የተቀበሉትና ሦስት ስንኝም ከራስዎ ጨምረው ያዜሙት ምን ነበረ?»

«ያ ሌላ ነው» አሉ። ሌላ የሆነበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ አላስረዱኝም።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሰው በዕለት ኑሮው መካከል ተነሥቶ አያዜምም የሚለው ነቀፋ፣ ቤተ ሰብ ሲሞት በጸጥታ ጥቁር መነጽር አድርጎ በሚቆምበት አገር የተወለደ ነቀፋ ነው። በእኛ አገር ጦረኛው ይፎክራል፣ እረኛው ያንጎራጉራል፣ አጫጁ በዜማ ያጭዳል፤ ከቤታችን ብዙም በማይርቀው የልደታ ፍርድ ቤት ዛሬ ነገሩ ሁሉ በጽሕፈትና በማኅተም ሆነ እንጂ፣ በአያቶቻችን ዘመን ባላጋራውን «በልሃ ልበልሃ» እያለ፣ ዱላውን እየወዘወዘ፣ ነጠላውን እያጣፋ በስንኝ የሚረታ ተሟጋች ነበረ፤ መንገደኛውም ከጉዞው ተጠርቶ ዳኛ ይሆን ነበርና፣ ያ ችሎት ትኬት የማይቆረጥበት ሙዚቃዊ ተውኔት ነበረ ብንል ሐሰት አይሆንብንም። ደግሞስ በመርካቶ ሲኒማ ቤቶች የሕንድ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች፣ ጀግናው በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት ጊዜ ልብስ ሲለውጥና ዛፍ ሲዞር በእንባ የተራጨን ሰዎች፣ ዛሬ ምን ዓይን ኖሮን ነው ስለ ተፈጥሯዊነት የምንከራከረው?

ወደ ሥሩ ስንወርድ ግን የምናገኘው ሲኒማውን አይደለም፤ የአብነት ትምህርት ቤቱን ነው። ማኅሌት ጸሎት እንጂ ጨዋታ አይደለምና ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ እንጂ፣ የግንቦት ልደታ ሌሊት ቆሜ ሳስቀድስ ይህ ክፉ ልማዴ አይለቀኝምና፣ ሁለት ረድፍ ሆነው ፊት ለፊት የቆሙትን ካህናት በተመልካች ዓይን አያቸዋለሁ። በዝማሜው መቋሚያ እንደ ሸንበቆ ቀስ ብሎ ይዘማል፤ በመረግዱ እግርና ከበሮ ይስማማሉ፤ በጽፋቱ እጅና ጸናጽል ይፋጠናሉ፤ በቸብቸቦውም ሽማግሌው መሪጌታ የጉልበታቸውን ሕመም ረስተው ይዘላሉ። ሰውን ከጸጥታ ተነሥቶ እስከ ፍንደቃ የሚያደርስ ከዚህ የተሻለ የትዕይንት አደረጃጀት በየትም አላየሁም፤ ያደራጀውም ሊቅ ስሙን በፕሮግራም ወረቀት ላይ አላሳተመም።

የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በተመስጦ ላይ ሳሉ የያዙት ጦር በዘማሪው እግር ላይ ተተክሎ፣ የወጋውም የተወጋውም ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ሳያውቁ መቅረታቸውን ገድሉ ይተርካል። ንጉሡ ደንግጠው ስለ ደምህ ዋጋ የምትሻውን ጠይቀኝ ቢሉት፣ ያሬድ ወርቅም ርስትም ሳይሻ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ ይመንን ዘንድ ስንብት ጠየቀ። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ ተመልካቹ ነው፤ በመድረክ ላይ ሰው እየሞተ ሳለ ስልኩ ሲጮኽ አንሥቶ «ቴአትር ውስጥ ነኝ፣ ቆይቼ እደውላለሁ» የሚለው የዛሬ ተመልካች፣ የራሱን እግር ቢወጉት ወዲያው የሚሰማው ነው። ሙላቱ አስታጥቄ የቅዱስ ያሬድን ነገር ኦፔራ ሊያደርገው ተነሥቶ ከፊሉን በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ በሀርቫርድ ማሰማቱን ሰምቻለሁ፤ ከአክሱም ሀርቫርድ የደረሰ ዜማ አብነት የሚደርስበትን ቀን እጠብቃለሁ።

ከዚያው ከአብነቱ ትምህርት ቤት ወደ መድረኩ የተሻገሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ቀኝ ጌታ ማለት ከመሪጌታው ቀኝ ቆሞ የቀኙን ወገን የሚመራ ነውና፣ ማዕርጋቸው ራሱ ስለ ሰውየው ሙያ ብዙ ይናገራል። ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ ቅኔውንና ዜማውን ጠግበው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ «አፋጀሽኝ»ን የመሰሉ ተውኔቶች ደርሰው መዝሙርና ግጥም እየቀላቀሉ አሳዩ። በዚያው ዘመን ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው «አርባ ልጆች» ከሚባሉት የአርመን ልጆች ጋር የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሙዚቃ መምህር ነበረና፣ አንዱ ግእዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ እያለ፣ ሌላው ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያለ፣ ተገናኝተው እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር አበረከቱልን። ደብረ ኤልያስና አርመን በአንድ ዜማ ላይ ሲታረቁ ያየ ሰው፣ ዋሽንትና ፒያኖ አይስማሙም ለሚለው የዘመናችን አቀናባሪ ጆሮውን ባይሰጥ አይፈረድበትም።

የአገር ፍቅርም ነገር እንዲሁ ነው። የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተመሠረተው ማኅበር፣ ሕዝቡን በንግግር ብቻ ሳይሆን በዘፈንና በፉከራ ይቀሰቅስ ነበር፤ ከነጻነትም በኋላ ቴአትር ቤት ሲሆን ዘፈኑን ከደጅ አላስቀረውም። ኢዮኤል ዮሐንስ በአንድ እጃቸው ተውኔቱን፣ በሌላው የዘፈን ግጥሙን ይጽፉ ነበር። ሴት በመድረክ መታየቷ ነውር ሆኖ ጢሙን የተላጨ ጎልማሳ ሻሽ አስሮ ሙሽራ ይሆን በነበረበት ዘመን ማግስት ብቅ ያለችው አስናቀች ወርቁ ደግሞ፣ ትወናውንም ክራሩንም በአንድ ገላ ይዛ መጣች። እኔ ሙዚቃዊ ተውኔት እንዴት ያለ ተዋናይ ይፈልጋል ተብዬ ብጠየቅ የእርሷን ስም ጠርቼ ዝም እላለሁ።

በ1948 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በተከፈተ ጊዜም፣ መጀመሪያ የታየው የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» መሆኑ ይገርመኛል፤ በገና ደርዳሪ የነበረውን ንጉሥ በመድረክ ከማየት የበለጠ ለሙዚቃ የተመቸ ነገር የለምና። በንጉሥ ፊት የሌላ ንጉሥ ኃጢአት ይታይ ዘንድ መጻፉ ግን ደፋርነት ነው፤ ጸሐፊው ጠቅላይ ሚኒስትር ባይሆኑ ኖሮ ምን ይደርስባቸው እንደ ነበር አላውቅም።

እንግዲህ ይህን ያህል ቅርስ ይዘን ሳለ የሙዚቃዊ ተውኔታችን ጥፋት ከየት መጣ ቢባል፣ እኔ የማመካኘው በዕረፍት ሰዓት ላይ ነው። በልጅነቴ፣ ከአንዱ ገቢር ወደ ሁለተኛው ሲታለፍ መጋረጃው ተዘግቶ ዕቃ እስኪለወጥ ድረስ ተመልካቹ እንዳይሰለች አንድ ዘፋኝ ከመጋረጃው ፊት ይቆም ነበር፤ ያ ዘፋኝ አንዳንድ ጊዜ አሁን በጩቤ የተገደለው ሰውዬ ራሱ ሆኖ፣ ደሙን ጠርጎ፣ ከረባት አስሮ ስለ ከንፈሯ ይዘፍንልን ነበር። ከዚህም የተነሣ ዘፈን የተውኔቱ አጥንት መሆኑ ቀርቶ የወንበር ማሞቂያ ሆነ። ዛሬም ብዙው አዘጋጅ ዘፈኑን ከተውኔቱ ውስጥ ቢያወጣው ታሪኩ አንድ ስንዝር አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ሙዚቃዊ ተውኔት ግን ዘፈኑ ሲወጣ መፍረስ አለበት፤ ገጸ ባሕርዩ ዘፈኑን ሲጀምር አንድ ሰው፣ ሲጨርስ ሌላ ሰው መሆን አለበት። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» በስንኝ የተጻፈ ኮሜዲ ሆኖ፣ ወደ ዜማ ግማሹን መንገድ ራሱ ተጉዞ ሳለ፣ ወጥቶ የሚቀበለው አቀናባሪ ሳላይ ማርጀቴ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በዋሽንት ላይ ነው። ዋሽንትን እንደ ነፍሴ እወዳለሁ፤ ነገር ግን በመድረኮቻችን ላይ ዋሽንት ከተሰማ ሰው ሊሞት መሆኑን ሕፃን እንኳ ስለሚያውቅ፣ ሟቹ ገና በሠርጉ ሲጨፍር ተመልካቹ ከንፈሩን መምጠጥ ይጀምራል። ሐዘን በተባለ ቁጥር ትዝታ፣ ጦርነት በተባለ ቁጥር ሽለላ፤ ባቲስ ምን በደለ? አንቺ ሆዬስ? ሌላው ደግሞ ከበሮው ነው፤ አማርኛ ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ሆኖ ሳለ ከበሮው በግጥሙ ላይ ሲዘንብበት፣ ሰሙ ብቻ ተንጠባጥቦ ይደርሰንና ወርቁ ከመድረኩ ላይ ይቀራል።

ከባሕር ማዶም ቢሆን ቅሬታ አላጣሁም። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ የደረሰው «አይዳ» የተባለው ኦፔራ በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ባለታሪኳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነበረች፤ አባቷም አሞናስሮ የሚል፣ የክርስትናችንም የዓለማችንም ስም ሆኖ የማያውቅ ስም ተለጥፎበት፣ ድል ተነሥቶና ተማርኮ ይገባል። ሥራውን ያዘዙት የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል በመድረክ ያዩት ድል ጥሟቸው ይሁን ወይም በሌላ ምክንያት እግዚአብሔር ይወቅ እንጂ፣ ከአራት ዓመት በኋላ እውነተኛ ጦር ሰድደው በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር ገጠሙ፤ በዚያ ግን የእኛዎቹ ቬርዲን አላነበቡምና የተጻፈላቸውን ክፍል ሳይጫወቱ ቀሩ። ኤልተን ጆንና ቲም ራይስ ደግሞ ታሪኩን ሙዚቃዊ ተውኔት አድርገው በ1992 ዓ.ም. በኒውዮርክ ብሮድዌይ ሲያሳዩት አይዳን ኑብያዊት አደረጓት። የቬርዲው ቢያንስ አገሯን ትቶላት ነበር።

አሁን ወደ ሬሳው ልምጣ። ጎረቤቴን በብዙ ልመና፣ ትኬቱንም ከኪሴ ከፍዬ፣ ስሙን ወደማልጠራው አንድ አዳራሽ አንድ እሑድ ወሰድኋቸው። ተውኔቱ ሙዚቃዊ ነው ተብሎ ተለፍፎለት ነበር፤ መጋረጃው ሲከፈት ግን ዘፈኑ ሁሉ አስቀድሞ የተቀረጸ ሆኖ፣ ተዋንያኑ አፋቸውን እየከፈቱና እየገጠሙ ድምፁ ከድምፅ ማጉያ ይወጣ ነበር። ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ወጪው እዚያ፣ ገቢው እዚህ! ይህማ በኦዲት ይያዛል» አሉኝ። በሁለተኛው ገቢር፣ ዘማች ልጁ ከሞተበት ሽማግሌ አፍ ዘፈኑ መፍሰስ እንደ ጀመረ፣ መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ ድምፅ ማጉያው እንደ ታነቀ ሰው አንድ ጊዜ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ከዚያም ጥቂት ቆይቶ፣ ያ ተዋናይ ማድረግ ያለበትን አደረገ፤ በራሱ ጉሮሮ ቀጠለ። ድምፁ የሻከረ ነበር፤ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ተሰብሮበታል፤ አንዱንም ስንኝ ረስቶ ሌላውን ደግሞታል። ነገር ግን ግጥሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል ተሰማን፤ ከኋላዬ አንዲት እናት እንደ ለቅሶ ቤት መቀበል ጀመሩ፤ ከጎኔም ጎረቤቴ በጨለማው ተማምነው ደረታቸውን ሁለት ጊዜ ሲደቁ ሰማኋቸው። ስልኩን ለመብራት እንኳ ያበራ ሰው አልነበረም።

በዚያው ጨለማ ሽማግሌው በተራው ሞተ፤ ተዋንያኑም በነጭ ጨርቅ ከድነው ከበቡት። ይህን ጊዜ መብራት መጣ፤ ማሽኑም የራሱን ሥራ አይረሳምና፣ ካቆመበት ስንኝ ላይ ተነሥቶ የሟቹን ዘፈን በሙሉ ድምፅ ቀጠለ። ሬሳው ልጁን እያሰበ ዘፈነ። ጨርቁ ከሆዱ በላይ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ሟቹ ሳቁን መቆጣጠር እንዳቃተው ሁላችንም አየን፤ አዳራሹ ፈረሰ፤ መጋረጃውም በጥድፊያ ተዘጋ።

ወደ አብነት ስንመለስ ጎረቤቴ እስከ ተግባረ ዕድ ድረስ አልተናገሩም። ከዚያም ጃንጥላቸውን ወደ መሬት ተከል አድርገው፣ «መብራት የጠፋበቱ ሰዓት ተዘጋልኝ» አሉ። «ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ይሰርዙት።»

እንግዲህ አዘጋጆች ሆይ፣ የእኔ ልመና ይኸው ነው። ሻካራውን ድምፅ ስጡን፤ የሚሰበረውን ስጡን፤ ስንኝ ብትረሱ እኛ እንቀበላችኋለን፣ ለቅሶ ቤት ለምደነዋል። ከበሮውን ለሰው እጅ፣ ዘፈኑን ለሰው ጉሮሮ መልሱት፤ ማሽኑም የግድ ካስፈለገ በዕረፍት ሰዓት ይዝፈን፣ ያን ጊዜ እኛ ሻይ ለመጠጣት እንወጣለን።

ጎረቤቴ ለሚመጣው እሑድ በራሳቸው ገንዘብ የሁለት ሰው ትኬት ቆርጠዋል፤ ከፊተኛው ረድፍ ነው፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ። ደረሰኙንም ተቀብለዋል።